ባጃጇ ስትበር እንድትታይ፦ የፓኒንግ ፎቶ አነሳስ ከመንገድ ዳር እስከ ፎቶሾፕ

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ፈረሶቹ በጌጥ አምረው ይመጣሉ። ሽምጥ ሲጋልቡ መሬቱ በኮቴ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ይጨሳል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሸተር ስፒዱን (የካሜራው በር፣ ሸተሩ፣ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ሁሉም ጥርት ብሏል። የጋማው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግን ፈረሱ አይሮጥም። የፊት እግሩን አንስቶ የቆመ ሐውልት ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ ግልቢያ ፎቶው ውስጥ የለም።

ፍጥነት ፎቶ ላይ የሚታየው የሆነ ነገር ሲደበዝዝ ነው። የእኛ ሥራ የቱ ይደብዝዝ፣ የቱ ይጥራ የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር መንገድ ዳር እየቆምኩ በባጃጅና በብስክሌት ላይ ለወራት ተለማመድኩ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ሸተር ስፒዱን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት ማንኛውም ካሜራ ይበቃል። ስልክ ብቻ ላላችሁም ታች ላይ የተለየ ክፍል አለ።

ፓኒንግ ምንድነው?

ካሜራውን አንድ ቦታ ተክላችሁ ሸተሩን ቀስ ብታደርጉት የቆመው ሁሉ ይጠራል፣ የሚንቀሳቀሰው ይደበዝዛል። ፓኒንግ ይህን ይገለብጠዋል። የምታልፈውን ባጃጅ በካሜራው ትከተላላችሁ። እናንተና ባጃጇ እኩል ስለምትዞሩ ለካሜራው እሷ የቆመች ያህል ናት። የሚንቀሳቀሰው ዛፉ፣ ሱቁና መንገደኛው ይሆናል። ስለዚህ ባጃጇ ትጠራለች፣ ከኋላዋ ያለው ዓለም ይሰረዛል፣ ጎማዋም ይሽከረከራል።

ትንሽ ሒሳብ ብናስገባ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ባጃጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ትጓዛለች። ሸተሩ 1/500 ላይ ከሆነ፣ በተከፈተበት ቅጽበት ውስጥ የምትሄደው 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። 1/30 ላይ ግን 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ ከአንድ ስንዝር ይበልጣል። ያቺ ስንዝር ናት ፎቶው ላይ እንቅስቃሴ ሆና የምትታየው።

ርቀታችሁም ይወስናል። ከመንገዱ 10 ሜትር ርቃችሁ፣ በፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) እና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/30 ላይ ብታነሱ፣ ከጀርባ ያለው ነገር የፎቶውን ወርድ 4 በመቶ ያህል ይሳባል። ወደ 5 ሜትር ብትጠጉ እጥፍ ይሆናል፣ 8 በመቶ ገደማ። ግን በጣም መጠጋትም ችግር አለው። የባጃጇ አፍንጫና የኋላ ጎማዋ በእኩል ፍጥነት የሚያልፉ አይመስሉም፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ለእኔ ለባጃጅ ከ7 እስከ 12 ሜትር ይመቸኛል።

ቦታ ምረጡ፤ ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ዘሎ ወደ ካሜራው ቁልፍ ይሄዳል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት የምታልፍ ባጃጅ ብታነሱ፣ የቱንም ያህል አሪፍ አድርጋችሁ ብትከተሉ፣ ፎቶው የቆመች ባጃጅ ነው የሚሆነው። ነጭ ነጩ ላይ ሲሳብ ያው ነጭ ነው። ጥርት ያለ ሰማይም እንደዚያው። የሚያስፈልጋችሁ የተዘበራረቀ፣ ብርሃንና ጥላ የተቀላቀለበት ጀርባ ነው። ቅጠል መሃል ሾልኮ የሚገባ ፀሐይ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የጉሊት ዣንጥላ፣ የቆመ ሰው። ዓይን ሲያየው የሚሰለቸው ዝርክርክ ጀርባ ፓኒንግ ላይ ቀለም ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ራሴ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ወደ ጎን ስትዞሩ የሚሳቡት ቀጥ ብለው የቆሙ ነገሮች ናቸው። የመንገዱ ጠርዝ፣ የአጥር አግዳሚ፣ የመብራት ሽቦ ወደ ጎን የተዘረጉ ስለሆኑ በራሳቸው ላይ ይሳባሉ፤ ፎቶው ላይ ምንም ያልሆኑ ነው የሚመስሉት። የዛፍ ግንድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ በር፣ የቆመ ሰው ግን ወደ ጎን ተጠርጎ መጋረጃ ይሆናል። ባሕር ዳር ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ መንገዶቿ ላይ ግንዶቹ አንድ በአንድ እየተሳቡ የሚሰጡትን መስመር የትም አላገኘሁትም።

"ጀርባው በጣም ሩቅ መሆን አለበት" የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ካሜራው ባለበት ቦታ ሆኖ ሲዞር ቅርቡም ሩቁም እኩል ነው የሚሳበው። ሩቅ ጀርባ የሚጠቅመው አስቀድሞ ከፎከስ ውጭ ስለሚሆን ነው፣ ትንሽ ይለሰልሳል። ሩቅ ጀርባ አጣሁ ብላችሁ ጥሩ ቦታ አትተዉ።

መንገዱ ከእናንተ ፊት ለፊት ከግራ ወደ ቀኝ (ወይም ከቀኝ ወደ ግራ) ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ይሁን። ወደ እናንተ እየቀረበ የሚመጣ ነገር መጠኑ ስለሚለዋወጥ ለጀማሪ ከባድ ነው። ዓይናችሁ ከባጃጇ መብራት ጋር እኩል እንዲሆን ትንሽ ዝቅ ብትሉ ፎቶው ያምራል። እግረኛ መንገድ ላይ ቁሙ፤ አስፋልት ላይ እንዳትወጡ። ካሜራ ውስጥ እያየ የሚዞር ሰው ከጀርባው የሚመጣውን አያይም። እኔ ሁሌም ጀርባዬን ለዛፍ ወይም ለምሰሶ ሰጥቼ ነው የምቆመው።

የመንግሥት ተቋም፣ ድልድይ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ያለበት አካባቢ ካሜራ አታውጡ። ተራ መንገድ ላይም ቢሆን አጠገባችሁ ያለውን ባለሱቅ ሰላም ብላችሁ ምን እንደምታደርጉ ንገሩት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ቀኑን ሙሉ በሰላም ትሠራላችሁ።

ሰዓቱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ። ብርሃኑ ወርቃማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ ለዝግተኛ ሸተር ብርሃኑ ከልክ በላይ ነው። የድሮ ፎቶ አንሺዎች የሚያውቁት ቀላል ሕግ አለ። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠብባል) ኤፍ 16 ከሆነ ሸተሩ 1/100 ነው። ኤፍ 22 ላይ ብትዘጉት 1/50 ይሰጣችኋል። ብዙ ሌንስ ከዚያ በላይ አይዘጋም። ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ 1/30 ብትሞክሩ ፎቶው ከልክ በላይ ይነጣል።

ቀን የግድ ካስፈለጋችሁ ኤንዲ ፊልተር ግዙ። ለሌንሱ የፀሐይ መነጽር ማለት ነው። ኤንዲ 8 የሚባለው ከብርሃኑ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው የሚያስገባው። በእሱ ጠራራ ፀሐይ ላይም ኤፍ 11 አካባቢ ሆናችሁ 1/30 ታገኛላችሁ። ሌላም ጥቅም አለው። ኤፍ 22 ላይ ምስሉ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። እንጅባራ አቧራ ውስጥ ሌንስ የቀየረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ደመናማ የክረምት ቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይመቻል። ዝናብ ካባራ በኋላ እርጥብ አስፋልት ላይ ቀዩ የኋላ መብራት ሲሳብ ማየት አለባችሁ።

ካሜራውን አስተካክሉ

ሸተር ስፒዱን እናንተ የምትወስኑበት ሞድ ላይ አድርጉት። ኒከንና ሶኒ ላይ ኤስ፣ ካኖን ላይ ቲቪ ይባላል። አይኤስኦውን 100 ላይ ቆልፉት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው በማያስፈልግ ሰዓት ከፍ እያደረገ ይረብሻችኋል። አፐርቸሩን ካሜራው ራሱ ይመርጣል። የአፐርቸሩ ቁጥር ትልቁ ላይ ደርሶ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ በዝቷል ማለት ነው። ጥላ ፈልጉ ወይም ፊልተር አድርጉ።

ፎከሱ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚከተለው ይሁን። ኒከንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ ሲ፣ ካኖን ላይ ሰርቮ ነው። የፎከስ ነጥቡን አንድ ብቻ ወይም ትንሽ ሰብሰብ ያለ አድርጉት። ሰፊውን ከመረጣችሁ ዛፉን ይይዛል። ሌንሳችሁ አሮጌ ከሆነና ፎከሱ የሚዘገይ ከሆነ ሌላ መላ አለ። ባጃጇ የምታልፍበት ቦታ ላይ አስፋልቱ ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም ነጭ መስመር ፎከስ አድርጉና ወደ ማንዋል ቀይሩት። እዚያ ስትደርስ ፎከስ ውስጥ ናት። እኔ ብዙ ጊዜ ይህንን ነው የምጠቀመው።

የመንቀጥቀጥ መከላከያ ያለው ሌንስ ከሆነ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ወደ ጎን መዞራችሁን እንደ መንቀጥቀጥ ቆጥሮ ሊታገላችሁ ይችላል። ብዙ የካኖንና የሶኒ ሌንሶች ላይ ሞድ 2 የሚለው ለፓኒንግ የተሠራ ነው፤ ወደ ጎን ይለቃችኋል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይይዛል። ኒከን ላይ ኖርማል የሚለው መዞራችሁን ራሱ ይለያል። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ካለው ሁለቱንም ሞክሩና የተሻለውን ያዙ።

አከታትሎ የሚያነሳውን ሞድ አብሩ። በተቻለ መጠን ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ላይ አንሱ።

ወገብ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ነው።

እግራችሁን በትከሻ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ። የእግራችሁ ጣት ፎቶውን የምታነሱበትን ነጥብ ይይ፤ ባጃጇ የምትመጣበትን ሳይሆን። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ወደሚመጣው ነገር ዞሮ ይቆምና ሲከተለው ወገቡ ያልቅበታል፤ ልክ ፊት ለፊቱ ስትደርስ ተጠማዞ ይንገዳገዳል። እናንተ እግራችሁን ተክላችሁ ከወገብ በላይ ብቻ ወደምትመጣበት ተጠማዘዙ። ስትቀርብ ሰውነታችሁ እየተፈታ ይሄዳል። ፊት ለፊታችሁ ስትደርስ በጣም የተመቻችሁበት ቦታ ላይ ናችሁ።

ሁለቱም ክርኖች ጎናችሁ ላይ ይለጠፉ። ግራ እጅ ሌንሱን ከሥር ይያዝ። ካሜራው ግንባራችሁን ይደገፍ፤ ስክሪን እያዩ እጅ ዘርግቶ ማንሳት ለዚህ አይሆንም። የሚዞረው እጃችሁ ሳይሆን ዳሌያችሁ ነው። እስትንፋስ አስወጡና ግማሹ ላይ ያዙት።

ባጃጇን ከሩቅ፣ 30 ሜትር ላይ ሳለች ጀምራችሁ ተከተሏት። አንድ ምልክት ምረጡ። የፊት መብራቷን ወይም የሹፌሩን ፊት ያዙና የፎከስ ነጥቡ እዚያ ላይ ተለጥፎ ይቅር። ፍጥነቷን ሰውነታችሁ ይልመደው። ፊት ለፊት ልትደርስ ስትል ሸተሩን ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። አትውጉት። ሦስት አራት ፎቶ ይውጣ። ከዚያ፣ ይህ ዋናው ነው፣ መዞራችሁን አታቁሙ። ካነሳችሁም በኋላ እስክታልፍ ተከተሏት። ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህ ይገባዋል። እጁን መሃል ላይ ያቆመ ሰው ጅራፉ አይጮኽለትም።

መስታወት ያለው ካሜራ ከሆነ ሸተሩ ሲከፈት በማያው በኩል ለቅጽበት ይጨልምባችኋል። አትደንግጡ። ሰውነታችሁ የያዘውን ፍጥነት እመኑት።

ልምምዱ

የሰፈሬን ባጃጅ ሹፌር አንድ ቀን ለመንኩት። "ወንድሜ፣ እዚች መንገድ ላይ ትመላለስልኛለህ? ቤንዚኑን እኔ እችላለሁ" አልኩት።

"ስንት ጊዜ?"

"ሃያ። ፍጥነትህን ብቻ አትቀይር።"

እሁድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሳለ ሃያ ጊዜ ተመላለሰ። ዛሬም ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። የሚያልፍ የሚያገድመውን ከማሳደድ አንድ ነገር ደጋግማችሁ አንሱ። ፍጥነቱ ሲታወቅ ስህተቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

በ1/125 ጀምሩ። እዚያ ላይ አብዛኛው ይጠራላችኋል፤ ጀርባው ትንሽ ነው የሚሳበው። እጃችሁ ሲገባበት ወደ 1/60፣ ከዚያ ወደ 1/30 ውረዱ። ለባጃጅ 1/30 እና 1/40 መሃል ያለው ለእኔ ምርጡ ነው። 1/15 ላይ የሚወጣው ፎቶ ሲሳካ ሥዕል ነው፤ ግን እምብዛም አይሳካም። በየደረጃው እስኪለመድ ቆዩ፣ በአንድ ጠዋት ሁሉንም ለመጨረስ አትሩጡ። ከ50 ፎቶ 3 ወይም 4 ጥሩ ካገኛችሁ ቀኑ የእናንተ ነው። ሌላውን ሳትሳሱ አጥፉት።

በዚያ እሁድ ከወጡት አንዱ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ። ሰማያዊዋ ባጃጅ መሃል ላይ ናት። ከፊት መስታወቷ ላይ የተንጠለጠለው ቀይ ዘርፍ ወደ ኋላ ተነፍቷል፤ አንድ ሁለት ክሩ ይለያል። የሹፌሩ ቀኝ ዓይን ጥርት ብሏል። ከኋላው ዘንባባው አረንጓዴና ቡናማ መስመር ሆኗል። ጎማዋ ላይ ያለው የብረት ቸርኬ አይታይም፣ ግራጫ ክብ ብቻ ነው። ድምጿን የምሰማ ይመስለኛል።

ለምን አልተሳካም?

ቤት ገብታችሁ ፎቶውን ሙሉ በሙሉ አጉሉት። የባጃጇን የፊት መብራት እዩ። እዚያ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ ሁሉንም ትናገራለች። ነጥቧ ወደ ጎን ከተሳበች ከባጃጇ ቀድማችኋል ወይም ዘግይታችኋል። አብዛኛው ሰው ይዘገያል፣ በተለይ ሸተሩን ሲጫን ለቅጽበት ቆም ስለሚል። ነጥቧ ወደ ላይና ወደ ታች ከተሳበች ወይም ጭራ ካወጣች፣ ጣታችሁ ሸተሩን ወግቶታል ወይም እየዞረ ያለው እጃችሁ ነው። ክርናችሁን ሰብስቡ። ነጥቧ ነጥብ ሆና ከቀረች ግን የኋላው ጎማ ከደበዘዘ፣ በጣም ተጠግታችኋል ወይም ባጃጇ በሰያፍ ነው ያለፈችው። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሂዱ፣ ፊት ለፊት ከመድረሷ ብዙ ቀድማችሁም አታንሱ።

ባጃጇም ጀርባውም ጥርት ካለ ሸተሩ ፈጥኗል። ሁሉም እኩል ከደበዘዘ መጀመሪያ ፎከሱን ጠርጥሩ። የፎከስ ድብዘዛ አቅጣጫ የለውም፣ ሁሉንም ያለሰልሳል። የእንቅስቃሴ ድብዘዛ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይሳባል።

ሯጭ፣ ብስክሌት፣ ፈረስ

ብስክሌት ከሁሉም ይቀላል። ሰውየው ኮርቻ ላይ ተደላድሏል፣ የሚንቀሳቀሰው እግሩና ጎማው ብቻ ነው። 1/30 ይበቃዋል። ባጃጅ ካስቸገራችሁ በብስክሌት ጀምሩ።

ሯጭ ሌላ ነገር ነው። 10 ኪሎ ሜትር በ28 ደቂቃ የሚሮጥ አትሌት በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። በ1/60 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ቁጥሩ ከባጃጅ ያንሳል፤ ችግሩ ሰውነቱ እየዘለለ መሄዱ ነው። ወደ ጎን በትክክል ብትከተሉትም ወደ ላይና ወደ ታች ያመልጣችኋል። መላው አየር ላይ ከፍ ብሎ ሊወርድ ሲል፣ ጫፍ ላይ ያለችውን ቅጽበት መያዝ ነው። እዚያ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም አይሄድም። በ1/60 አከታትላችሁ አንሱ፣ ከአምስቱ አንዱ እዚያ ይወድቃል። ዓላማችሁ ፊቱና ደረቱ እንዲጠራ ነው። እግሩና ክንዱ ይደብዝዙ፣ ሩጫው ያለው እዚያ ነው።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ ብዙ ሰው ይህን ይሞክራል። መነሻው ላይ ሰው ሰው ላይ ስለሚደራረብ አንድ ሰው መለየት አይቻልም። መሪዎቹ ብቻቸውን የሚያልፉበት ቦታ ላይ ቁሙ። በኋላ የሚመጣውን ሕዝብ በሌላ መንገድ አንሱት። ካሜራውን ምሰሶ ላይ አስደግፋችሁ፣ ሳትንቀሳቀሱ፣ በ1/8 አንሱ። መሃል ላይ አንድ የቆመ ሰው ካለ፣ ውኃ የሚያቀብል ወይም የሚያጨበጭብ፣ እሱ ጠርቶ ባለ አንድ ቀለም ቲሸርቱ ሁሉ ወንዝ ሆኖ ያልፋል። እንጦጦና ሱሉልታ ጠዋት ልምምድ ላይ ያሉ አትሌቶችን ስታነሱ ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሥራ ላይ ናቸው።

ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በ1/125 ብቻ 10 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ሸተሩን ብዙ ማዘግየት አያስፈልግም። እንጅባራ በተመለስኩ ጊዜ 1/80 ላይ አድርጌ፣ ራቅ ብዬ በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ አነሳሁ። ፎከሱን የፈረሱ አንገትና የፈረሰኛው ደረት የሚገናኙበት ላይ ያዙ። ጋማው እንደ እሳት ወደ ኋላ ይሳባል፣ አራቱ እግሮች ይቀላቀላሉ። ፍላሽ በፍጹም አትጠቀሙ፤ ፈረሱ ከደነገጠ ሰው ይጎዳል። ማታ መንገድ ላይ ሹፌር ፊት ላይም እንዲሁ።

በስልክ

ስልክ ላይ ትልቁ እንቅፋት አፐርቸሩ የማይዘጋ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ኤፍ 1.8 አካባቢ ላይ የተቆለፉ ናቸው። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አይኤስኦ 50 ብታደርጉት እንኳ፣ ሸተሩ 1/4000 አካባቢ ይፈልጋል። 1/30 የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውጡ። እንደ ሳምሰንግ ያሉ ስልኮች ፕሮ ሞድ ውስጥ ሸተሩን ራሳችሁ እንድትመርጡ ያደርጋሉ። በ1/30 ሞክሩ። ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፣ ክርን ጎን ላይ፣ ወገብ ያው ወገብ ነው። የፎቶ ማንሻው ስክሪኑ ላይ የሚነካ ስለሆነ ስክሪኑን ከመምታት የድምፅ ቁልፉን ተጫኑ።

ጉግል ፒክስል 6 እና ከዚያ በኋላ ከወጡት ብዙዎቹ አክሽን ፓን የሚባል ሞድ አላቸው። ስልኩ ራሱ ዋናውን ነገር ለይቶ ጀርባውን ይስበዋል። ጥሩ ይሠራል፣ ግን የጎማና የፀጉር ጠርዝ ላይ አንዳንዴ ይሳሳታል።

ፎቶሾፕ ላይ መሥራት

አንዳንዴ ያላችሁ ጥርት ያለ ፎቶ ብቻ ነው። የደንበኛ ሥራ ነው፣ ተመልሶ ማንሳት አይቻልም። ያን ጊዜ ድብዘዛውን በኋላ መጨመር ይቻላል። ለማስታወቂያ፣ ለፖስተር፣ ለራሳችሁ ገጽ ምንም አይደለም። ለዜና የሚወጣ ፎቶ ላይ ግን አታድርጉት። አንባቢው ካሜራው ያየውን ነው የሚጠብቀው።

ፎቶውን ክፈቱና ሌየሩን (የፎቶውን ንብርብር) በኮንትሮል ጄ ሁለት ጊዜ አባዙት። የላይኛው ባጃጇን ብቻ ይይዛል፤ መካከለኛው ጀርባው ይሆናል፤ የታችኛው ኦሪጅናሉ ነው፣ አትንኩት።

የላይኛው ሌየር ላይ ሆናችሁ ሴሌክት ሰብጀክት የሚለውን ተጫኑ። ባጃጇን ይመርጥላችኋል፣ ግን አትመኑት። መስታወቷን፣ አንቴናዋንና የሹፌሩን ክርን አጉልታችሁ እዩ፤ የጎደለውን በብሩሽ ጨምሩ። ጥላዋንም አብራችሁ ምረጡ። ጥላ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚሄደው። ጥላው ተስቦ ባጃጇ ጠርታ ከቀረች ዓይን ወዲያው ይነቃበታል። ከዚያ ማስክ አድርጉት፤ ያልተመረጠው ይደበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይመጣል። መካከለኛው ሌየር ላይ ባጃጇ አሁንም አለች። እንዳለች ድብዘዛ ብታደርጉ ሰማያዊ ቀለሟ ወደ ሁለቱም ጎን ይፈስና ዙሪያዋን እንደ ጢስ ይከባታል። በዩቲዩብ ተምረው የሠሩት ፎቶ የሚነቃው በዚህ ነው። ስለዚህ ምርጫውን እንደገና ጥሩ፣ በ15 ፒክስል ያህል አስፉት፣ ከዚያ ኮንቴንት አዌር ፊል አድርጉና ባጃጇን ከጀርባው አጥፏት። የሞላው ቦታ ባያምርም ግድ የለም፤ አሁን ይደበዝዛል።

ያንን ሌየር ወደ ስማርት ኦብጀክት ቀይሩት፣ በኋላ ቁጥሩን ለማስተካከል ይጠቅማችኋል። ፊልተር፣ ብለር፣ ሞሽን ብለር ግቡ። አንግሉን ከመንገዱ ጋር እኩል አድርጉ። መንገዱ 3 ዲግሪ ካዘነበለ ድብዘዛውም 3 ዲግሪ ያዘንብል። ርዝመቱን ከፎቶው ወርድ 3 ወይም 4 በመቶ ጀምሩት። 6000 ፒክስል ስፋት ላለው ፎቶ ከ180 እስከ 240 ፒክስል ማለት ነው። ያ ቁጥር ላይ የምታዩት ቅድም በ10 ሜትር ላይ ካሰላነው ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ይመስላል። 800 ማድረግ ይቻላል፣ ባጃጅ ግን እንደዚያ አትሮጥም።

ጎማው ከቀረ ሥራው አላለቀም። ቸርኬው ጥርት ብሎ የሚታይ ጎማ ይዛ የምትበር ባጃጅ የለችም። ብለር ጋለሪ ውስጥ ስፒን ብለር የሚባል አለ። ክቡን ጎማው ላይ አስቀምጡ፣ በሰያፍ የሚታይ ከሆነ ክቡን ጎትታችሁ ሞላላ አድርጉት፣ እስከ ጎማው የውጭ ጠርዝ ብቻ ይድረስ። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። በኩርባ ላይ ያለ ነገር ከሆነ ደግሞ ከሞሽን ብለር ይልቅ ፓዝ ብለር ተጠቀሙ፤ መስመሩን እናንተ ትሠሩታላችሁ።

ፎቶሾፕ ለሌላችሁ ጊምፕ በነጻ ይገኛል። ሊኒየር ሞሽን ብለር ለጀርባው፣ ሰርኩላር ሞሽን ብለር ለጎማው አለው። ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

የማስኩን ጠርዝ በአንድ ወይም ሁለት ፒክስል አለስልሱት። ድብዘዛ የፎቶውን ቅንጣት ስለሚያጠፋ ጀርባው እንደ ፕላስቲክ ልሙጥ ይሆናል። አድ ኖይዝ ገብታችሁ 2 በመቶ አካባቢ ጨምሩበትና ከባጃጇ ጋር ይመሳሰላል። በመጨረሻ ጎማው አስፋልቱን የሚነካበትን ቦታ አጉሉት። እዚያ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ካያችሁ ማስኩ ሰፍቷል። በጥቁር ብሩሽ፣ በትንሽ መጠን፣ ጎማው ጥላው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ጥረጉት።